ድምፁ የት ሄደ?

ድሮ ቴሌቪዥን ማብሪያና ማጥፊያ ነበረው። ሲያበሩት ይበራል፣ ሲያጠፉት ይጠፋል፤ ካስቸገረ ደግሞ ጎኑን ጠፍ ጠፍ ያደርጉታል፣ ያፍርና ይስተካከላል። ዛሬ ግን ዕቃው ሁሉ ተምሯል። የተማረ ዕቃ ደግሞ አይመታም፤ ያኮርፋል። ሲያኮርፍም እንደኛ ፊቱን አጥቁሮ አይደለም፣ በጨዋ ደንብ ጽፎ ነው፦ «ይቅርታ፣ ይህ መሣሪያ አይደገፍም።» የማይደግፈው ማነው? ምን አድርገነው ነው? መልስ የለም። ከጽሑፉ ሥር «እሺ» የምትል አንዲት ቁልፍ ብቻ አለች፣ እሷን መጫን ነው። ሌላ ምርጫ ስለሌለ ብቻ ስንቱን ነገር እሺ እንዳልን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እኔ እንደታዘብኩት የዘመኑ ዕቃ ለብቻው ሲሆን ምንም አይለውም። ስልኩ ለብቻው ጤነኛ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ኮምፒውተሩም ለየብቻ ሲጠየቁ ጸባያቸው የሚመሰገን ነው። ችግሩ ተገናኙ ስትሏቸው ነው። ስልኩ ቴሌቪዥኑን ያየዋል፣ ቴሌቪዥኑ ስልኩን አላየሁትም ይላል። ሁለቱም ከአንድ አገር መጥተው፣ ከአንድ ሶኬት እየበሉ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እየዋሉ አንዱ አንዱን አያውቀውም። ከቤተ ሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው እጁን ያውጣ።

የእኛ ቤት ጣጣ የጀመረው በባሌ በታደለ ነው። ታደለ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ጁባ የመጣነውም እሱ በሚሠራበት የኮንስትራክሽን ድርጅት ምክንያት ነው። ሥራው ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው መንገድ ላይ ስለሆነ የምንኖረውም እዚያው ማዶ፣ ጉምቦ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሲሚንቶና ከጠጠር ጋር ይውላል። ሲሚንቶ ግልጽ ፍጡር ነው፤ ውኃውን በልኩ ካገኘ ይደርቃል፣ «በዚህ አገር አልደርቅም» ብሎ አያውቅም። ታደለ ማታ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ከቤት ዕቃም የሚጠብቀው ይህንኑ ጸባይ ነው። ያጣውም ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ሥር አንዲት ጥቁር ሣጥን አስቀመጠ። ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው «የቤት ሲኒማ ኮምፒውተር ናት» አለኝ፣ አዲስ የተወለደ ልጅ እንደሚያሳይ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቴሌቪዥን አለን አይደለም እንዴ?»

«ቴሌቪዥኑ እኮ ማሳያ ብቻ ነው ሰኒ። አንጎሉ ይኼ ነው።»

አንጎል ያለው ነገር ሁሉ የራሱ ሐሳብ አለው፤ ይህን ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዜና ለማየት ኪቦርድ ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ማውሱን በሶፋው ክንድ ላይ እነዳለሁ፣ የይለፍ ቃል እጽፋለሁ፣ «የይለፍ ቃልዎ ትክክል አይደለም» እባላለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ፣ ከዚያ ማሻሻያ እየተጫነ ስለሆነ እባክዎ ይታገሡ እባላለሁ። እኔ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ግዢ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ «እባክዎ ይታገሡ» የምለው እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ሣጥን እንዲህ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ዜናው በመጨረሻ ሲከፈት ታሪክ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሣጥኗን ታግሻት ነበር፣ አባዬ ባይመጣ ኖሮ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ገባሁ።

አባዬ አሰላ የሚኖር ጡረታ የወጣ ጤና መኮንን ነው። ዕድሜውን በሙሉ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሲያገለግል የአገሩ ሰው «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ «ዶክተር አይደለሁም» እያለ ያርማቸዋል። ሠርግ ላይ ያርማል፣ ልቅሶ ላይ ያርማል። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ከኋላው «ዶክተር» ብለው ሲጣሩ ዞር ብሎ «አይደለሁም» ብሎ መንገዱን እንደቀጠለ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተጠራው ግን ሌላ ሰው ነበር። እሱ ያልሆነውን ታናሽ ወንድሜ ናሆም እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር። ናሆምም ሕክምና ገባ፣ ሦስት ዓመት ተማረ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ተነሥቶ ተዋናይ ልሆን ነው አለ።

አባዬ አልጮኸም። አልረገመም። ስሙን መጥራት ብቻ አቆመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ናሆም «ያ ሰውዬ» ሆነ። ስልክ ስደውል አየሩን፣ ጎረቤቱን፣ የበሬውን ዋጋ ሁሉ ተነጋግረን ልንዘጋ ስንል «ያ ሰውዬ ይበላል?» ይለኛል። ይበላል እለዋለሁ። «ደህና» ብሎ ይዘጋዋል። ናሆም ደግሞ በበኩሉ ይደውልና «ተቆጥቷል አሁንም?» ይላል። እኔ መሐል ሆኜ የሁለቱን ወሬ ሳመላልስ ከስልክ ቤት ሠራተኛ አልለይም። መቼ አብረን ተቀምጠን እንደምንበላ እያሰብኩ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ የማውቀው እኔ ነኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የቀረነው ሦስት ነን፤ ሦስት ሰው ደግሞ ለመኳረፍ ያንሳል።

ታዲያ አባዬ ሊጠይቀኝ ጁባ ሲመጣ የናሆም የመጀመሪያ ፊልም በኢንተርኔት ወጣ። ወንድሜ ማስታወቂያውን ላከልኝ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ የልብ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ራቅ ብሎ የሚያይ ሐኪም። አባዬ ልጁን በነጭ ጋዋን ካየው፣ በፊልምም ቢሆን፣ ድንጋይ ካልሆነ በቀር ይለሰልሳል አልኩ። ለአባዬ በነጋታው ቁርስ ላይ «ናሆም ሐኪም ሆኖ የሠራበት ፊልም ወጥቷል፣ እሑድ እናየዋለን» አልኩት። ጋዜጣውን ሳያወርድ «እንግዳ ካለ እቀመጣለሁ፤ እንግዳ ትቶ መነሣት ነውር ነው» አለ። ይህ በአባዬ ቋንቋ በጣም እፈልጋለሁ ማለት ነው።

እንግዳ እንዲኖር አደረግኩ።

ፊልሙን ማሳየት ግን ሌላ ነገር ሆነ። መጀመሪያ በቴሌቪዥኑ ሞከርን፤ መተግበሪያው «በዚህ አገር አይገኝም» አለ። ጁባ አለን፣ ፊልሙም አለ፣ የማይገኘው ምኑ እንደሆነ አልነገረንም። በስልኬ ተከፈተ። ከስልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ ላስተላልፍ ስል ግን ፎቶግራፎቼን ሁሉ፣ የበሰለ ዶሮ ያነሣሁትን ጭምር፣ በትልቁ አሳየና ፊልሙ ላይ ሲደርስ ጠቆረ። ታደለ «ይኼ ነው እንግዲህ አንጎል የሚያስፈልገው» ብሎ ወደ ሣጥኗ ዞረ። በሣጥኗ ሲከፈት «ይህ ይዘት የተጠበቀ ነው» አለች። ከማን ነው የሚጠበቀው? ከአባቱ?

ታደለ አዲስ አበባ ያለ የኮምፒውተር ሰው ጋ ደወለ፣ ሰውየው ኬብሉ አሮጌ ስለሆነ ነው አለ። ድልድዩን ተሻግረን ማላኪያ ገበያ ሐጂ ሸሪፍ ጋ ሄድን። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፣ የጅምላ ነጋዴ፤ ከስኳር እስከ ሶኬት የሌላቸው የለም። አንድ ኬብል አውጥተው በአየር ላይ ዘረጉትና «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ይኼ ከሁሉም ጋር ይስማማል» አሉ። ከሁሉም ጋር የሚስማማ ነገር ዓለም ላይ የለም ብላቸው «እሑድ እኔው ራሴ መጥቼ አየዋለሁ፤ የኬብሌን ስም አላስጠፋም» አሉኝ። በዚያው አንድ እንግዳ አገኘን። አንዲት ክብ ድምፅ ማጉያም ጨመሩልን፣ ያለ ሽቦ የምትሠራ።

በአዲሱ ኬብል ምስሉ መጣ፤ ሰው ሁሉ ግን ሮዝ ሆኖ። ታደለ አንድ ነገር ነካ፣ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሌላ ነካ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ ሰዎቹ ተገልብጠው በጣሪያ መራመድ ጀመሩ። አባዬ ከሶፋው ሆኖ ይህን ሁሉ በጥሞና ሲከታተል ቆይቶ «ትናንት ከነበረው ይሻላል» አለ። ሐኪም ቤት የሠራ ሰው ተስፋ አያስቆርጥም።

በዚያ ሳምንት ታደለን ያስደሰተው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ የአባዬ ጆሮ። አባዬ ጆሮው ስለደከመ ከናይሮቢ ያስመጣሁለትን የመስሚያ መሣሪያ ጁባ እንደደረሰ ነበር የሰጠሁት፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። ስልክ ሲደወልለት ድምፁ በቀጥታ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ታደለ ከአባዬ ስልክ ጋር ሊያገናኘው ሲሞክር በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። ማመን አቃተው። እንደ ሕፃን እየሳቀ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ እያመጣ ሞከረበት፤ ሁሉም እሺ አለው። ወዲያው ደግሞ ሐጂ የጨመሩልንን ድምፅ ማጉያ ከሣጥኗ ጋር ሊያገናኝ ገባና ፊቱ ጨለመ።

እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ዓሣ ሳጥብ ናሆም ደወለ።

«ፊልሙን አየሽው?»

«ዛሬ ከሰዓት ነው የምናየው። አባዬም ያየዋል።»

ከወንበሩ ሲነሣ ተሰማኝ። ዓሣውን አስቀመጥኩ።

«ሰኒ፣ ለአባዬ እንዳታሳዪው። እኔ እዚያ ላይ ሐኪም አይደለሁም።»

«ጋዋን ለብሰህ የለም እንዴ?»

«ሐኪም ነኝ እያለ በየገጠሩ እየዞረ አሮጊቶችን የሚዘርፍ አጭበርባሪ ነኝ።»

አሁን እናንተ ፍረዱ። በዚህ ምድር ላይ አባዬ ከልቡ የሚጠላው አንድ ሰው ቢኖር ሐኪም ሳይሆን ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ነው። ሕይወቱን በሙሉ «አይደለሁም» ሲል የኖረ ሰው፣ የገዛ ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ሄዶ፣ ነኝ እያለ አሮጊት ሲዘርፍ በትልቅ ስክሪን ላሳየው ነው። ያውም እንግዳ ፊት። እንግዶቹን እንዳልመልስ፣ ሐጂ ለኬብላቸው ክብር ሲሉ ድልድዩን ሊሻገሩ ነው። አባዬ ደግሞ ኮቱን ለብሷል። በዚያ ሙቀት፣ ኮት።

ሳምንቱን ሙሉ ሥሪ እያልኩ የለመንኳትን ሣጥን አሁን እንዳትሠራ መለመን ጀመርኩ። የልመናዬን ግማሽ ሰማችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተቀመጠ። ሐጂ ሸሪፍ ከፊት፣ ኬብሉን በሚያዩበት ቦታ። አጠገባቸው ጎረቤቴ ኛማል፤ ደቡብ ሱዳናዊት ናት፣ ጋምቤላ ያደገች፣ በአማርኛ ከእኔ በተሻለ የምትሳደብ። ከጥግ ባለችው ወንበር አባዬ። ታደለ ጄኔሬተሩን አስነሣ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ፊልሙ ጀመረ። ቀለሙ ትክክል። ሰዎቹ በእግራቸው። ድምፁ ግን የለም።

ፍጹም የለም። የናሆም አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ በር በኃይል ይዘጋል፤ የምንሰማው የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ቢሆን «ድምፅ የለውም እኮ» ይላል፣ ነገሩም ያልቃል። እኛ ግን ሰው ቤት በእንግድነት ተጠርተን ይህ ጎደለ የምንል ሰዎች አይደለንም። ሐጂ ትንሽ ጠበቁና «ማሻ አላህ፣ ጥራቱ!» አሉ። ኛማል «ኩዌስ፣ በጣም ቆንጆ» አለች። ታደለ በላብ ተጠምቆ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገባ። አባዬን አየሁት፤ አንገቱን ወደፊት አስግጎ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ጆሮው ሳይሰማ ሲቀር እንዲህ ነው የሚያደርገው። አሳዘነኝ፣ ግን ደግሞ ደስ አለኝ።

«ታደለ፣ ድምፁን ተወው፤ እኔ እተረጉመዋለሁ» አልኩ።

የድሮ የቪዲዮ ቤት ትርጉም ፊልሞችን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው ማይክ ይዞ የሁሉንም ተዋናይ አፍ ብቻውን የሚናገርበት። እኔም ጀመርኩ። ናሆም ጋዋኑን ለብሶ አንዲት አሮጊት ቤት ሲገባ «ይኸው ዶክተሩ፣ በእግሩ ብዙ መንገድ ተጉዞ በሽተኛ ሊያይ መጣ» አልኩ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገ፤ «ልቧን እያዳመጠላት ነው» አልኩ። አሮጊቷ የአንገት ወርቋን አውልቃ ሰጠችው። ትንሽ ተንተባተብኩና «ወርቁ አንገቷን ስለከበዳት እንዲያስቀምጥላት ነው» አልኩ። ሐጂ «አማና ነው፣ አደራ ጠባቂ፣ ጥሩ ሰው ነው» አሉ።

ቀጥሎ ናሆም ከረጢት ይዞ በአጥር ዘለለ።

«ድንገተኛ በሽተኛ መጥቶበት ነው።»

«በበሩ አይወጣም?» አለች ኛማል።

«በሩ ሩቅ ነው።»

ከዚያ ፖሊሶች ከኋላው መሮጥ ጀመሩ። ልጄ፣ ሰው ሲጨንቀው አፉ የማያመጣው የለም። «መንግሥት አጃቢ መድቦለታል» አልኩ። ሐጂ አጨበጨቡ፤ ለሐኪም እንዲህ ያለ አጀብ በሌላ አገር አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። አባዬ በዚህ መሐል ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ልጁን ስላየ ነው ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ግን ደግሞ ናሆም ዝም ብሎ ተቀምጦ በሚያወራበት ቦታም ሳቀ፤ ሳቁ ከስክሪኑ ጋር አልገጠመልኝም። ወደ እኔም አንድ ሁለቴ አየት አደረገኝ፣ ትኩሳት እንዳላት በሽተኛ።

ወደ መጨረሻው ላይ ናሆም ከአሮጊቷ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ እጇን ይዞ ረጅም ነገር ነገራት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምን እያለ እንደሆነ የማላውቅ እኔ «መድኃኒቷን በሰዓቱ እንድትወስድ እየመከራት ነው» አልኩ። አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ከኮቱ ኪስ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። አባዬን ሲያለቅስ ያየሁት በእናቴ ቀብር ብቻ ነበር፤ ትርጉሜን ረሳሁት። ከዚያ ፖሊሶቹ ናሆምን በካቴና አሰሩት፣ እኔም እንደምንም ብዬ የእጅ ሰዓት ሸለሙት አልኩና ፊልሙ አለቀ።

ሁሉም ተነሥቶ አመሰገነ። ሐጂ ኬብሉን ባረኩት። አባዬም ኮቱን እያስተካከለ ወደ ታደለ ዞሮ እንዲህ አለ፦

«ጥሩ ነበር። ግን ድምፁ ትንሽ በዛብኝ፤ ሌላ ጊዜ ቀነስ አድርጉት።»

ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«አባባ፣ የምን ድምፅ?» አለች ኛማል።

«የፊልሙ ነዋ» አለ አባዬ።

ታደለ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወጥቶ ኪቦርዱን አነሣ። ሣጥኗ የተገናኘቻቸውን ዕቃዎች ስም አወጣና አፉን ከፍቶ ቀረ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አንድ ስም አለ፤ የማላኪያዋ ድምፅ ማጉያ ናት ብሎ ጠዋት የተጫነው እሱን ነው። የአባዬ ጆሮ ነበረች። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከፈረሱ ኮቴ እስከ ሙዚቃው፣ አንድም ሳይጎድል አባዬ ጭንቅላት ውስጥ ሲታይ ውሏል። ሳምንት ሙሉ የለፋንበት ሲኒማ አንድ ሰው ብቻ ነው የገባው።

አባዬ ነገሩ ሲገባው ወደ እኔ ዞረ።

«እናንተ አልሰማችሁም ማለት ነው?»

«አልሰማንም፣ አባዬ።»

«እኔ እኮ ሁሉ እየሰማ ነው መስሎኝ። ፖሊሱ ‹ያንን ሌባ ያዙልኝ› እያለ ሲጮህ አንቺ አጃቢ ነው ስትዪ የጁባ ሙቀት ነካት አልኩ። እንግዶቹ ዝም ሲሉ ደግሞ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ በልቤ ሳመሰግናቸው ነበር።»

ሐጂ ወደ አባዬ ዞረው ጢማቸውን እየዳሰሱ «እኛስ ጋሽ ታምራት፣ ድምፅ የለውም ማለት ነውር መስሎን እንጂ» አሉ። ከዚያም ጥፋቱ የኬብል አለመሆኑን ለሁሉም አስታወሱ።

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። የፈራሁትን ሁሉ ሰምቶታል፤ በዚያ ላይ ደግሞ የእኔን ቅጥፈት በሁለተኛ ድምፅ ጨምሮ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«እዚያ መጨረሻው ላይ፣ እጇን ይዞ የነገራት» አለ። «መድኃኒት በሰዓቱ ውሰጂ አላላትም። ‹እናቴ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም› ነው ያላት።» ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ለዚያ ሰውዬ ደውዪልኝ።»

ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ደግሞ ማንም ሳይሰማ እንዲቀር አልፈለግኩም።

«አቤት ሰኒ» አለ ናሆም።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ።

ከወዲያ በኩል የሚጮኸው ሬዲዮ ወዲያው ተዘጋ።

«ያንን ማዳመጫ» አለ አባዬ፣ ሰላምታ የሚባል ነገር ሳያነሣ፣ «አሮጊቷ ደረት ላይ በየት በኩል ነው ያደረግከው?»

«በቀኝ።»

«ልብ በየት በኩል ነው?»

«በግራ፣ አባዬ።»

«ሦስት ዓመት ተምረህ ይህ ጠፋህ?»

«እኔ አልጠፋኝም። ሰውየው ነው የማያውቀው፣ ሐኪም አይደለማ። ዳይሬክተሩ በግራ አድርግ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ተመልካች ባያውቅም የሚያውቅ ሰው ያውቅብኛል ብዬ።»

አባዬ ጠረጴዛውን በጣቱ ይደበድብ ጀመር። የሚያውቅ ሰው ያለው ማንን እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ገብቶናል፤ ሐጂም እንኳ ኬብሉን ረስተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኛማል እጄን ያዘችኝ።

«እንግዲያው ትምህርቱ ሜዳ ላይ አልቀረም» አለ አባዬ በመጨረሻ። ቀጥሎም፣ ወሬ እንዲቀጥል ከሚፈልግ ሰው በማይለይ አኳኋን፣ «አሁንስ ደግሞ ምን ልትሆን ነው?» አለው።

«የሚቀጥለው ላይ መሐንዲስ ነኝ።»

«ደህና መሐንዲስ?»

«ኧረ የለም። የነካው ሁሉ የሚበላሽበት።»

አባዬ ቀና ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ። ታደለ ድምፅ ማጉያዋን ሊያሳምን ተመልሶ ከጀርባ ገብቷል፤ የሚታየው ሁለት እግሩ ብቻ ነው፣ የሐጂ ኬብል ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሞ።

«ለእሱ ሩቅ አትሂድ» አለው አባዬ። «የምታጠናው ሰው እዚህ እህትህ ቤት አለልህ፣ ናሆም። ና።»

ስሙን ጠራው። ይህን ጊዜ ነው እኔ እንግዳ ፊት መሆኔን ረስቼ እዬዬ ብዬ ያለቀስኩት። ታደለ ከጀርባ ሆኖ «ምን ሆነች? ድምፁ መጣ እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

ናሆም በሳምንቱ መጣ። ድምፁ ገና ነው።